የነጣ ቨርኒሽ እንዴት ይታረማል?

ሞዴል ማለት አንድን እውነተኛ ነገር በተወሰነ ምጣኔ አሳንሶ የሚያሳይ የእጅ ሥራ ነው። በልዩ ልዩ አገሮች ብዙ ሰዎች ትርፍ ጊዜያቸውን ያሳልፉበታል። በእንግሊዝ አገር ኤርፊክስ የተባለው ኩባንያ በ1950ዎቹ ዓመታት (እ.ኤ.አ.) «ስፒትፋየር» የተባለውን ተዋጊ አውሮፕላን በ1 ለ72 ምጣኔ ሠርቶ ለገበያ አቅርቧል። የእውነተኛው አውሮፕላን ክንፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ 11 ሜትር ከ23 ሴንቲ ሜትር ያህል ሲሆን፣ የሞዴሉ ግን 16 ሴንቲ ሜትር አይሞላም። እንግዲህ በዚህች ጠባብ ስፍራ ላይ ቡናማውንና አረንጓዴውን ቀለም በቀጭን ብሩሽ ለማስፈር ስንት ምሽት እንደሚፈጅ ገምቱ።

ቀለሙ ከደረቀ በኋላ የሚቀረው ቨርኒሽ መቀባት ነው። ቨርኒሽ ቀለሙን ከእጅ ላብና ከፍትጊያ የሚጠብቅ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ስስ ሽፋን ነው። በቆርቆሮ ታሽጎ በግፊት የሚረጨው ዓይነት ሥራውን በሴኮንዶች ይፈጽመዋል፤ አደጋውም ያለው እዚሁ ላይ ነው። የሳምንታት ልፋት የፈሰሰበት ሞዴል ተረጭቶ ጥቂት እንደቆየ አመድ የተነሰነሰበት መስሎ ሊነጣ ይችላል። በዚህን ጊዜ ብዙ ሰው ደንግጦ ጨርቅ ያነሣና ይፈትገዋል። ከዚህ የከፋ እርምጃ የለም፤ ያልደረቀው ቨርኒሽ ከሥሩ ያለውን ቀለም ይዞት ይነሣልና። ሞዴሉን አቧራ በማይደርስበት ስፍራ አስቀምጣችሁ 24 ሰዓት ጠብቁ። (በመመሪያ ድርሰት ውስጥ «ጥቂት ጠብቁ» ማለት ምንም አለማለት ነው፤ መጠን በቁጥር ይነገራል።)

ለመሆኑ ብርሃን የሚያሳልፍ ነገር ስለ ምን ይነጣል? መስተዋት ሲደቅቅ ምን እንደሚመስል አስታውሱ። ሙሉ ሳለ አሻግሮ ያሳይ የነበረው መስተዋት፣ ዱቄት ሲሆን ነጭ ይሆናል። ዕቃው አልተለወጠም፤ የተለወጠው የብርሃኑ ጉዞ ነው። ብርሃን ከአየር ወደ መስተዋት፣ ከመስተዋትም ወደ አየር በተሻገረ ቁጥር ከፊሉ ይመለሳል፤ በብዙ ሺህ ጥቃቅን ገጾች ላይ ሲመላለስ ደግሞ በየአቅጣጫው ይበተናል። ዓይናችን ይህን የተበተነ ብርሃን ነጭ አድርጎ ያየዋል። በቨርኒሹም ላይ የደረሰው ይኸው ነው፤ ሽፋኑ ተሸካክሯል፣ ወይም በውስጡ ባዕድ ነገር ይዟል። ከሥሩ ያለው ቀለም ግን አልጠፋም። ነገሩ የሚታረመውም በዚሁ ምክንያት ነው።

መንስኤው አንድ ብቻ አይደለም። የማያብረቀርቅ ቨርኒሽ ብርሃኑን የሚያደበዝዝለት ሲሊካ የተባለ ደቃቅ ዱቄት አለው። ቆርቆሮው በደንብ ካልተናጠ ዱቄቱ ወደ ታች ይዘቅጥና አንድ ጊዜ ሳስቶ፣ ሌላ ጊዜ በዝቶ ይወጣል። ጎድጎድ ባሉት ስፍራዎች ብቻ ተጠራቅሞ የነጣ ሞዴል ብታዩ ይህን ጠርጥሩ። ገጹ በጣት ሲዳሰስ እንደ ደቃቅ አሸዋ የሚሻክር ከሆነ ደግሞ፣ የተረጨው ከሩቅ ነበር ማለት ነው፤ ነጠብጣቦቹ ገና በአየር ላይ ሳሉ ደርቀው አርፈዋል። ሦስተኛው መንስኤ የአየሩ እርጥበት ነው። አሟሚው ፈሳሽ በፍጥነት ሲተን የሞዴሉን ገጽ ያቀዘቅዘዋል፤ በአየሩ ውስጥ ያለው የውሃ ተንም እንደ ጤዛ ያርፍበትና በሽፋኑ ውስጥ ይታሰራል። ይህኛው ወተት የመሰለ፣ ለስላሳና ሰፋ ያለ ጉም ሆኖ ይታያል።

በእርጥበት የመጣውን ማረም ቀላል ነው። ደረቅና ሞቅ ያለ ቀን ጠብቃችሁ ያንኑ ቨርኒሽ እጅግ በስሱ ድገሙት፤ አዲሱ አሟሚ የቀድሞውን ሽፋን ያላላዋል፣ የታሰረውም ውሃ ይወጣል። በሲሊካ ወይም በደረቁ ነጠብጣቦች ለነጣው ግን በውሃ የሚቀጥን፣ የሚያብረቀርቅ አክሪሊክ ቨርኒሽ በብሩሽ ቀቡ። ፈሳሹ ጎድጓዶቹን ሞልቶ አየሩን ያስወጣል፤ ብርሃን የሚሰብርበት መጠንም ከሲሊካው ጋር ስለሚቀራረብ ነጩ ጉም ዓይናችሁ እያየ ይገፈፋል። ሞዴሉ በዚህን ጊዜ ያብረቀርቃል፤ አትዘኑ። ከደረቀ በኋላ የማያብረቀርቀውን ዓይነት በብሩሽ ደርባችሁ ትመልሱታላችሁ። ማናቸውንም መድኃኒት ግን አስቀድማችሁ በሞዴሉ ሆድ በኩል፣ ከዓይን በተሰወረ ስፍራ ሞክሩት።

ሞዴል ሠሪዎች የወይራ ዘይትም ይጠቀማሉ። አንዳንዶች ይህን ሰምተው ይሥቃሉ፤ ነገር ግን ምክንያት አለው። ወረቀት ላይ ዘይት ሲንጠባጠብ ስፍራው ብርሃን ማሳለፍ ይጀምር የለምን? በነጣው ገጽ ላይም እንደዚሁ ነው። አንድ ጠብታ በብሩሽ አዳርሳችሁ ትርፉን በለስላሳ ጨርቅ ታነሣላችሁ። ዘይቱ ግን ስለማይደርቅ አቧራ ይስባል፤ በላዩ የሚቀባ ቨርኒሽም በቅጡ አይዝም። በእኔ ግምት ለጥቃቅን ስፍራ እንጂ ለመላው ሞዴል አይመከርም። የአብራሪው ክፍል መስተዋታማ ክዳን ቢነጣ ደግሞ፣ ቀለም ስለሌለው በጥርስ ሳሙናና በለስላሳ ጨርቅ ቀስ ተብሎ ሊወለወል ይችላል።

ይህ ሁሉ ሳይረዳ ከቀረ ቀለሙን አንሥቶ እንደገና ከመጀመር በቀር ምርጫ የለም። በዚህን ጊዜ አሴቶን አትንኩ፤ ሞዴሉ የተሠራበትን ፖሊስታይሪን የተባለውን ፕላስቲክ ያቀልጠዋል።

ዳግመኛ ስትረጩ ቆርቆሮውን ለ2 ደቂቃ ያህል ናጡት፤ በውስጡ ያለችው ኳስ ስትንኳኳ መሰማት አለባት። ከቀዘቀዘም ለብ ባለ ውሃ ውስጥ አቆዩት እንጂ ወደ እሳት አታስጠጉት፤ ከ50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ከሞቀ ሊፈነዳ ይችላል። ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ርቃችሁ፣ ከሞዴሉ ውጭ ጀምራችሁ ከሞዴሉ ውጭ ጨርሱ። መስኮት ክፈቱ፤ አፍና አፍንጫችሁንም ለቀለም ተን በተሠራ መከላከያ ሸፍኑ፤ ተራ ጨርቅ ተኑን አያግደውም። ስትጨርሱ ቆርቆሮውን ዘቅዝቃችሁ ግፊቱ ብቻ እስኪወጣ ለአፍታ ብትጫኑት ቀዳዳው ሳይደፈን ለሌላ ቀን ይቆያል።