የቤት አይጥ ቀይ እንባ ደም አይደለም

በቤት በምታድግ አይጥ ዓይንና አፍንጫ ዙሪያ የሚታየው ቀይ ፈሳሽ ብዙ አሳዳጊዎችን ያስደነግጣል። ደም ግን አይደለም፤ ከዓይን ኋላ ያለ ዕጢ የሚያመነጨው ፖርፊሪን የተባለ ቀለም ነው። ሲበዛ ጭንቀትን ወይም ሕመምን ያመለክታልና ችላ ሊባል አይገባም።

ከእነዚህ ሕመሞች አንዱ የመተንፈሻ ሕመም ሲሆን ዋናው መንስኤው ማይኮፕላዝማ ፐልሞኒስ የተባለ ባክቴሪያ ነው። አብዛኞቹ የቤት አይጦች ይህን ባክቴሪያ ከእናታቸው ይወርሱና ዕድሜ ልካቸውን ይሸከሙታል። ዶክሲሳይክሊንና ኢንሮፍሎክሳሲን ምልክቱን ያስታግሳሉ እንጂ ተሕዋሱን ጨርሰው አያጠፉም። ስለዚህ የጎጆው ንጽሕና ከመድኃኒቱ አያንስም፦ ከሽንት የሚወጣው አሞኒያ ሳንባን ያቃጥላል፣ የጥድ ፍቅፋቂም እንዲሁ። የበጋ ሙቀት ሲጨመርበት የታመመች አይጥ ቶሎ ትዳከማለች። አይጥ የምትተነፍሰው በአፍንጫዋ ነው፤ አፏን ከፍታ ከተነፈሰች በዚያው ሰዓት ወደ እንስሳት ሐኪም መወሰድ አለባት።

የሆድ ሕመሙ ሌላ ነው። አይጥ ማስታወክ አትችልም፤ የዋጠችው ጎጂ ነገር ተመልሶ አይወጣም። ተቅማጥ ከጥገኛ ትላትል፣ ከባክቴሪያ ወይም ከድንገተኛ የምግብ ለውጥ ሊመጣ ይችላል። የማጅራቷ ቆዳ ተቆንጥጦ ሲለቀቅ ቶሎ ካልተመለሰ ሰውነቷ ውኃ አጥሮታል።

አሳዳጊውም ራሱን ይጠብቅ። በ2017 (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ የሴኡል ቫይረስ ከቤት አይጦች ወደ ሰዎች ተላልፎ ነበር፤ ጆርጂያም ከተነኩት ግዛቶች አንዷ ነበረች። ምርመራውን የመራው መቀመጫው አትላንታ የሆነው የበሽታዎች መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል ነው። ቫይረሱ ያለባት አይጥ ጤነኛ ትመስላለች፤ በሰው ላይ ግን ትኩሳትና የኩላሊት ጉዳት ሊያስከትል ይችላል። ጎጆ ከጸዳ በኋላ እጅ በሳሙና ይታጠባል።