ቦሎ በሌለበት ከተማ የሞተር ብስክሌት ደኅንነት

በኢትዮጵያ ተሽከርካሪ ያለው ሰው ሁሉ «ቦሎ» የሚለውን ቃል ያውቃል። ከጣሊያንኛ የተወረሰው ይህ ቃል አንድ ተሽከርካሪ ዓመታዊውን የቴክኒክ ምርመራ ማለፉን የሚያመለክተው ምልክት መጠሪያ ሆኗል። ስለ ተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ የወጣው አዋጅ ቁጥር 681/2002 ምርመራውን ግዴታ አድርጎታል። በአውስትራሊያዋ ሜልቦርን ከተማ ያገለገለ ሞተር ብስክሌት ገዝቶ ሥራ የሚጀምር ኢትዮጵያዊ ግን ዓመቱ ሲሞላ «አምጣና ይመርመር» የሚለው አካል የለም። ሜልቦርን ዋና ከተማዋ የሆነችው የቪክቶሪያ ግዛት ለግል ሞተር ብስክሌት ዓመታዊ ምርመራን አታስገድድም። ይህ ለባለንብረቱ እፎይታ ይመስላል፤ በተግባር ግን መርማሪው ይሠራው የነበረውን ሥራ ወደ አሽከርካሪው ያዛውረዋል።

የሠላሳ ቀን ምስክር ወረቀት

በቪክቶሪያ የሚሠራበት ሰነድ «የመንገድ ብቁነት ማረጋገጫ» ሊባል የሚችል ምስክር ወረቀት ነው። ሰነዱ የሚጠየቀው በዋናነት በሦስት አጋጣሚዎች ነው፦ ያገለገለ ተሽከርካሪ ከነምዝገባው ሲሸጥ፣ ምዝገባው የተቋረጠ ተሽከርካሪ እንደገና ሲመዘገብ፣ እንዲሁም ፖሊስ ጉድለት አግኝቶ ማስጠንቀቂያ ሲሰጥ። የአገሬው ሰው ይህን የማስጠንቀቂያ ወረቀት በቢጫ ቀለሙ ምክንያት «ካናሪ» ይለዋል፤ ስሙ የተወሰደው ቢጫ ላባ ካላት ትንሽ ወፍ ነው።

ምርመራውን የሚያካሂዱት ከግዛቱ ፈቃድ ያገኙ ጋራዦች ናቸው። ሞተር ብስክሌት ለመመርመርም ለዚሁ የተሽከርካሪ ዓይነት የተሰጠ ፈቃድ ያስፈልጋል። የአገልግሎቱ ዋጋ በመንግሥት አልተወሰነም፤ እንደ ተሽከርካሪው ዕድሜ፣ መጠንና ይዞታ ይለያያል። ሰነዱ ለስም ዝውውር የሚያገለግለው ከተሰጠበት ቀን ጀምሮ ለ30 ቀናት ብቻ ነው። ዝውውሩ ከተጠናቀቀ በኋላ ባለቤቱ በየጊዜው የምዝገባ ክፍያውን እስከፈጸመ ድረስ ሞተሩን ማንም ሳያየው ዓመታት ሊያልፉ ይችላሉ። እ.ኤ.አ. ከጥር 2014 ጀምሮ ደግሞ በቀላል ተሽከርካሪዎች ላይ ይለጠፍ የነበረው የምዝገባ ምልክት ቀርቷል። ጎረቤቷ የኒው ሳውዝ ዌልስ ግዛት በአንጻሩ ከአምስት ዓመት በላይ ያገለገሉ ተሽከርካሪዎች ምዝገባቸው ከመታደሱ በፊት በየዓመቱ እንዲመረመሩ ታዛለች።

ምስክር ወረቀቱ ምን እንደማያረጋግጥ ማወቅም ተገቢ ነው። መርማሪው የሚያየው ከደኅንነት ጋር የተያያዙ ክፍሎችን ነው። የሞተሩን ጥንካሬ፣ የካምቢዮውን ዕድሜ ወይም አጠቃላይ አስተማማኝነቱን አይመሰክርም። ትናንት ምርመራውን ያለፈ ሞተር ብስክሌት ዛሬ አልነሣም ቢል ሕጉ አልተጣሰም።

መርማሪው ምን ያያል?

ቀዳሚው ጎማ ነው። ሞተር ብስክሌትን ከአስፋልት ጋር የሚያገናኙት ሁለት ቦታዎች ብቻ ናቸው፤ የእያንዳንዳቸውም ስፋት ከሰው መዳፍ አይበልጥም። የጎማ ጥርስ ዋና ተግባር የዝናብ ውኃን ወደ ጎን ገፍቶ ላስቲኩ መንገዱን እንዲጨብጥ ማድረግ ነው። በአውስትራሊያ የተሽከርካሪ ደንብ መሠረት ዝቅተኛው የጥርስ ጥልቀት 1.5 ሚሊ ሜትር ነው። ይህ ቁጥር በሜልቦርን የተለየ ትርጉም አለው። ከተማዋ 250 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚደርስ፣ በዓለም በርዝመቱ ቀዳሚ የሆነ የከተማ ትራም መስመር አላት፤ የረጠበ የብረት ሐዲድን በተላጠ ጎማ በሰያፍ ማቋረጥም ለመውደቅ ከሚያጋልጡ ነገሮች አንዱ ነው። በቀጥታ መንገድ ብዙ የተነዳ ጎማ መካከሉ ብቻ ስለሚያልቅ ጠርዙን አይቶ «ገና አዲስ ነው» ማለት ያሳስታል።

ሁለተኛው ፍሬን ነው። ሞተር ብስክሌት በድንገት ሲቆም ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚያመዝን አብዛኛውን የማቆም ሥራ የሚሠራው የፊተኛው ፍሬን ነው። መርማሪው የፍሬን ሸራውን ውፍረት፣ የዲስኩን ይዞታ፣ የቱቦዎቹን መሰነጣጠቅና የፍሬን ዘይት መፍሰሱን ይመለከታል። በዓይን የማይለይ ጉድለትም አለ። የተለመደው የፍሬን ዘይት እርጥበትን ከአየር ይስባል። «ዶት 4» የሚባለው ዓይነት አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሳይፈላ መቆየት አለበት፤ እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን የሚጠበቅበት ዝቅተኛ መጠን 155 ዲግሪ ብቻ ነው። ረጅም ቁልቁለት ላይ ዘይቱ ከፈላ ቱቦው ውስጥ እንፋሎት ይፈጠራል። እንፋሎት ደግሞ ስለሚታመቅ ማንሻው ቢጨበጥም ፍሬኑ አይዝም።

ሦስተኛው መሪና አሞርዛተር ነው። የፊት ጎማው ከመሬት ተነሥቶ መሪው በዝግታ ግራና ቀኝ ሲዞር መካከል ላይ የሚያዝ ነገር ከተሰማ የመሪው ኩሽኔታ ተበልቷል ማለት ነው። እንዲህ ያለ መሪ ቀጥ ብሎ ለመሄድ ይቸገራል፤ አሽከርካሪው ሳያውቀውም እንዲወላውል ያደርገዋል። ከፊት አሞርዛተር የሚፈስ ዘይት ደግሞ ወደ ፍሬኑ ዲስክ ሊደርስ ስለሚችል አንዱ ጉድለት ሌላውን ይወልዳል። ከዚህ በተጨማሪ ሰንሰለቱ፣ ማርሚታው፣ ስፖኪዮው፣ ክላክሱና መብራቶቹ ይታያሉ። የኋላው የፍሬን መብራት በእጅም በእግርም ፍሬን ሲያዝ መብራቱ ብዙዎች የሚዘነጉት ነጥብ ነው።

ዓመታዊ ምርመራ ሕይወት ያድናል?

ጥያቄው ተመራማሪዎችን ለረጅም ጊዜ አከራክሯል። እ.ኤ.አ. በ1981 በአሜሪካ የታተመው የሃሪ ሃርት ጥናት በሎስ አንጀለስ አካባቢ የደረሱ 900 የሞተር ብስክሌት አደጋዎችን በቦታው መርምሮ የቴክኒክ ብልሽት ያስከተላቸው ከ3 በመቶ በታች መሆናቸውን አገኘ፤ ከነዚህም አብዛኞቹ ከጎማ መተንፈስ ጋር የተያያዙ ነበሩ። በሜልቦርን የሚገኘው የሞናሽ ዩኒቨርሲቲ የአደጋ ምርምር ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጣው ዘገባ የተለያዩ ጥናቶችን አገናዝቦ የተሽከርካሪ ጉድለት ከ6 በመቶ በላይ ለሚሆኑ አደጋዎች አስተዋጽኦ እንዳለው ገመተ። እ.ኤ.አ. በ2007 በኖርዌይ መኪናዎች ላይ የታተመ ጥናት ደግሞ ምርመራ ጉድለቶችን ቢቀንስም የአደጋን ቁጥር ስለ መቀነሱ ማስረጃ አላገኘም።

አገሮች ከዚህ የተለያየ መደምደሚያ ላይ ደርሰዋል። ፈረንሳይ ከብዙ ተቃውሞ በኋላ እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2024 ጀምሮ ለሞተር ብስክሌቶች በየጊዜው የሚደረግ ምርመራን አስገዳጅ አድርጋለች። ቪክቶሪያ ግን በሽያጭ ጊዜ ምርመራ ጸንታለች። ሁሉም ሊስማማበት የሚችለው ነጥብ ምርመራ የአንድ ቀን ምስክርነት መሆኑ ነው። በምርመራው ዕለት ሕጉ የሚፈቅደውን ዝቅተኛ መጠን ያሟላ ጎማ ምግብ በማድረስ ሥራ ላይ በዋለ ሞተር ላይ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ከመጠኑ በታች ሊወርድ ይችላል። መኪና አንድ ጎማው ቢከዳው በሦስቱ ይቆማል፤ ሞተር ብስክሌት ግን ሚዛኑን ያጣል።

በባለቤቱ እጅ ያለው ምርመራ

መርማሪ በማይጠራበት ከተማ አሽከርካሪው ራሱ ሊያደርገው የሚገባው ምርመራ ከባድ አይደለም። የጎማ ንፋስ በየሳምንቱ ጎማው ሳይሞቅ ይለካል። ጥርሱ ሲታይ ከጎማው ጎን ላይ የታተሙትን አራት ቁጥሮች ማንበብም ይጠቅማል፤ «2319» የሚል ከሆነ ጎማው የተሠራው እ.ኤ.አ. በ2019 በ23ኛው ሳምንት ነው። ብዙ ዓመት የቆየ ላስቲክ ጥርሱ ባያልቅም እየደረቀ መንገድ የመጨበጥ አቅሙን ያጣል። የሰንሰለቱ ልል መጠን አምራቹ ባወጣው መመሪያ ልክ መሆን አለበት፤ ከልክ በላይ የላላ ሰንሰለት ወልቆ የኋላውን ጎማ ሊቆልፈው ይችላል። የፍሬን ዘይት ባይጎድልም ብዙ አምራቾች በየሁለት ዓመቱ እንዲቀየር ይመክራሉ።

ያገለገለ ሞተር የሚገዛ ሰው ደግሞ የምስክር ወረቀቱን ቀን አስቀድሞ ማየት ይኖርበታል። ከ125 ሲሲ በላይ የሆኑ አዲስ ሞተር ብስክሌቶች የጎማን መቆለፍ የሚከላከለውን ኤቢኤስ የተባለ የፍሬን ሥርዓት ይዘው እንዲወጡ የሚያዘው የአውስትራሊያ ደንብ ለአዳዲስ ሞዴሎች እ.ኤ.አ. በኅዳር 2019፣ ለቀሩት በኅዳር 2021 ሥራ ላይ ውሏል። ከዚያ በፊት የተሠራ ሞተር ይህ ሥርዓት ላይኖረው ይችላልና ገዢው ይህንንም መጠየቅ አለበት። ሕጋዊ ሰነድ የያዘ ሻጭም ቢሆን ሊያሳይ የሚችለው ሞተሩ በምርመራው ዕለት የነበረበትን ይዞታ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ያለውን ለማወቅ ገዢው ሞተሩን ራሱ ማየት ወይም መካኒክ ይዞ መሄድ ይኖርበታል።