“ሲጨንቀው ያወጣዋል” ለሚሉ አለቆች

ባለፈው ጳጉሜ የሠራነው አንድ የዝንጅብል ስቲከር እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ አልወጣም። ሙዱላ ውስጥ የዲዛይንና የኅትመት ሥራ ይዞ የተቀመጠ ሰው ጳጉሜ ምን እንደምትመስል ያውቃታል። የእንቁጣጣሽ ካላንደር፣ የመሳላ ባነር፣ ከሆሳዕና መስመር የሚመጣ የያሆዴ ቲሸርት፣ በዚያ ላይ መብራት በሄደ ቁጥር ቀጥ የሚል ማሽን። በዚህ መሀል አንድ ነጋዴ መጥተው ለደረቅ ዝንጅብል ዱቄት ማሸጊያ የሚለጠፍ ስቲከር አዘዙ። “ለነገ ጠዋት ድረሱልኝ፤ መኪናው ወደ አዲስ አበባ ይዞት ይወጣል” አሉ።

ሥራው ለአንድ ወጣት ዲዛይነር ደረሰ። ጠዋት ያመጣው ስቲከር ላይ ፀሐይ የለም፣ ተራራ የለም፣ ስኒ ይዛ ፈገግ ያለች ሴትም የለችም። መሀሉ ላይ ለሁለት የተሰበረ አንድ ደረቅ ዝንጅብል አለ፤ ከስብራቱ ላይ ቃጫው እንደ ክር ብቅ ብቅ ብሏል። የእኛ ገበያ ገዥ ዝንጅብሉን ሰበር አድርጎ፣ ውስጡን አይቶና አሽትቶ ነው ዋጋ የሚቆርጠው። ነጋዴው ገና ሲያዩት “ይሄማ የኛ ነው” አሉ። ቤቱ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ደግሞ አንድ ነገር ተናገረ፦ “አያችሁ፣ ሲጨንቀው ያወጣዋል!”

ያቺ አባባል ልጁን አጠፋችው። እኚሁ ነጋዴ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ለቡና ማሸጊያ መጡ፤ አሁንም ለነገ ጠዋት። “ጋሼ፣ ሦስት ቀን ይስጡን” አልኳቸው። “ያኔ በአንድ ሌሊት ሠርቶት የለም እንዴ?” አሉኝ። ልጁ እሺ ብሎ ገባበትና ያመጣው ከኢንተርኔት የተለቀመ ነገር ሆነ። ሰው ፊት “ሰነፍክ” ተባለ። ብዙም ሳይቆይ ሥራውን ትቶ ሄደ።

የዝንጅብሉ ሐሳብ በዚያ ሌሊት የመጣ አልነበረም። ልጁ ያደገው ዝንጅብል እየላጠና እያሰጣ ነው። በ2004 ዓ.ም. አካባቢ የባክቴሪያ አጠውልግ በሽታ የእኛን አካባቢና የሐደሮን ማሳ ሲያወድም ቤተሰቦቹ ለትምህርት ቤት ይከፍሉበት የነበረው ብር አብሮ ሲደርቅ አይቷል። ማስታወሻ ደብተሩ ላይ የተሰበረ ዝንጅብል ማንም ሳያዝዘው ደጋግሞ ሥሎ ነበር። የዚያ ሌሊት ጥድፊያ ያደረገው ከደብተሩ ወደ ኮምፒውተር ማሻገር ብቻ ነው። ጥድፊያ ከጎተራ ያወጣል እንጂ ጎተራ አይሞላም። ስለ ቡናው ግን ልጁ ያጠራቀመው ነገር አልነበረም፤ እንዲያጠራቅምም ጊዜ አልተሰጠውም።

ይህን ለሙያ ባልደረቦቼ ስናገር “አንተ ልጆቹን ታሞላቅቃለህ” ይሉኛል። ነገሩ ግን ልጅ ማሞላቀቅ አይደለም፤ በሃርቫርድ ቢዝነስ ስኩል ያስተማረችው ቴሬዛ አማቢሌ ከባልደረቦቿ ጋር ይህንኑ ጉዳይ አጥንታ እ.ኤ.አ. በ2002 አሳትማለች። በ7 የአሜሪካ ኩባንያዎች የሚሠሩ 177 ሰዎች በየቀኑ የሞሉትን ከ9,000 በላይ የዕለት ማስታወሻ መረመሩ። ጥድፊያው በበረታባቸው ቀናት ሰዎቹ አዲስ ነገር የማሰብ ዕድላቸው በ45 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ ግን ሌላው ውጤት ነው፤ በእነዚያ ቀናት ሰዎቹ ራሳቸው የወትሮውን ያህል እንኳ አይደለም፣ ከወትሮው የበለጠ ፈጣሪ የሆኑ መስሏቸው ነበር። የጥድፊያው ጉዳትም በማግስቱና ከዚያም በኋላ ባሉት ቀናት አልለቀቃቸውም። ጳጉሜን ያሳለፈ ሠራተኛ መስከረም ላይ ለምን እንደሚፈዝ ለሚጠይቁኝ ሁሉ የምሰጠው መልስ ይኸው ነው።

አንድ ልዩ ሁኔታ አለ፣ እሱንም ጥናቱ አልደበቀውም። ሰው አስቸኳይነቱ እውነት መሆኑን ሲያምንበትና ሳይቆራረጥ አንድ ሥራ ላይ ብቻ እንዲቆይ ሲተውት፣ በጥድፊያም ውስጥ ጥሩ ያስባል። እኛ ቤት የሚሆነው ተቃራኒው ነው። ዲዛይነሩ ስቲከሩን እየሠራ ማኅተም እንዲቀርጽ ይጠራል፣ ፎቶ ኮፒ ያነሳል፣ ስልክ ይመልሳል። ደንበኛው ወንድሙንና አማቹን ይዞ ይመጣል፤ አንዱ “ቀዩን ጨምርበት” ይላል፣ ሌላው “ስልክ ቁጥሩ ይጉላ” ይላል። አለቃ ተብዬው ሁሉንም “እሺ” ብሎ ተቀብሎ ልጁ ላይ ያራግፈዋል። መምራት ማለት ይህ ከሆነ ለአለቃ ደመወዝ መክፈል ለምን ያስፈልጋል? የአለቃ ሥራ ከደንበኛው ጋር ተቀምጦ ናሙናው ላይ የሚፈርም አንድ ሰው ማስመረጥ፣ ከዚያም በሩ ላይ ቆሞ ሌላውን ጫና ራሱ መሸከም ነው።

የአገራችንን ጥሩ ሥራዎች ልብ ብላችሁ ተመልከቱ። ሀብተሥላሴ ታፈሰ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. የቱሪዝሙን ሥራ ሲያቋቁሙ ያወጡት “የ13 ወር ጸጋ” የሚለው መሪ ቃል በ2008 ዓ.ም. “ምድረ ቀደምት” እስኪተካው ድረስ ግማሽ ምዕተ ዓመት አገልግሏል። የተሠራበት ነገር እያንዳንዱ ኢትዮጵያዊ ግድግዳው ላይ የሚሰቅለው ካላንደር ነው፤ ይቺው የምታስጨንቀን ጳጉሜ! ቤተልሔም ጥላሁን እ.ኤ.አ. በ2004 ዘነበወርቅ ላይ ሶልሬብልስን ስትመሠርት የተነሳችው ከበረባሶ ነው። ከጎማ የሚቆረጠውን ያንን ጫማ አገሩ ለብዙ ዓመት ሲያደርገው ኖሯል። የሠፈሯን ሰዎች የእጅ ሙያ ታውቅ ነበር፣ ከዚያ እውቀት ተነስታ ዓለም የሚገዛው ጫማ አደረገችው። ሁለቱም ሥራዎች የቆየ እውቀት ፍሬ ናቸው፤ ሐሳቡን ለማግኘት ሩቅ መሄድ አላስፈለገም።

“ገበያው ጊዜ አይሰጥም” የሚለውን መከራከሪያ አልንቀውም። ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ፍሌክሱም ቀለሙም ዋጋቸው አልቀመስ ብሏል። ብዙዎቻችን የመረጥነው መፍትሔ በቀን የምንሠራውን ትእዛዝ ማብዛት ነው። ይህ ወዴት እንደሚወስደን ግን አስቡት። ሥራ የሚያሠራን መሥሪያ ቤት ሦስት ፕሮፎርማ ይሰበስባል። ሦስታችንም ከአንድ ኢንተርኔት ያንኑ ተራራና ያንኑ ፀሐይ ቀድተን ከቀረብን የሚለየን ዋጋ ብቻ ነው፤ በዋጋ ደግሞ ሁልጊዜ ከእኛ የባሰ የተቸገረ ሰው ያሸንፈናል። ለአዲስ ሐሳብ የሚሰጥ ጊዜ ለዚህ ንግድ የመኖር ጉዳይ ነው። ዱራሜም፣ ሺንሺቾም፣ ሆሳዕናም ያሉ ባልደረቦቼ ይህን እንደ ቅንጦት መቁጠራቸው በእውነት አድክሞኛል።

ከኮሌጅ የሚመጡልኝ ልጆች ፎቶሾፑን ከእኔ በላይ ያውቁታል። የማያውቁት ደንበኛውን ምን ብሎ መጠየቅ እንደሚገባ ነው፤ ዕቃዎን ማን ይገዛዋል? ገዥው ሲያነሳው መጀመሪያ ምኑን ያያል? ከጎኑ የሚደረደረው የማን ዕቃ ነው? ይህን መማር የሚችሉት ገበያ ቆመው ነው። ስለዚህ ሥራ በሚቀዘቅዝበት በነሐሴ ደመወዛቸውን እየከፈልኩ እልካቸዋለሁ፤ ቅቤ ሲመዘን፣ ቆጮ ሲጠቀለል፣ ቡና ሲሸጥ እንዲያዩና ደብተራቸው ላይ እንዲሥሉ።

ለነገ ጠዋት ለሚሉ ደንበኞች ደግሞ አሁን ሁለት ዋጋ አለኝ። በአንድ ሌሊት የሚፈልጉ ከሆነ ቀድሞ የሠራነውን ዲዛይን ቀለምና ስሙን ለውጠን እንሰጣቸዋለን፣ የሚከፍሉትም የዚያኑ ያህል ነው። አዲስ ሥራ ከፈለጉ ሦስት ቀን፣ ቀብድ፣ እና ከዲዛይነራችን ጋር ቁጭ ብለው ስለ ዕቃቸው የሚያወሩበት አንድ ሰዓት ይጠየቃሉ። አንዳንዶቹ ተቆጥተው ወጥተዋል። ሌሎቹ ቀብዱን ከፍለው ወንበር ስበዋል።