ድምፁ የእሳቸው ቢሆንም ክኒኑን አታቁሙ

መስከረም 21 ሲቃረብ፣ ከየአቅጣጫው የሚመጣ ምዕመን ወደ ግሸን ማርያም አምባ ይወጣል። ከተጓዦቹ መካከል የግፊትና የስኳር መድኃኒታቸውን በመቀነታቸው ቋጥረው የሚሄዱ እናቶች ብዙ ናቸው። የእኔም እናት አንዷ ናት።

ዘንድሮ ከመነሳቷ በፊት አንድ የድምፅ መልእክት በስልኳ ደረሳት። "ጸበል የሚጠጣ ሰው ክኒን ያቁም" ይላል። ድምፁ የምትወዳቸው ሰባኪ ድምፅ ነው። "እማዬ፣ ማን ላከልሽ?" ብላት የላከችላት ጎረቤት ናት፤ ጎረቤቲቱም ከሌላ ሰው ነው ያገኘችው። የመጀመሪያው ላኪ አልተገኘም።

ዛሬ ድምፅ ማወቅ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። የማይክሮሶፍት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2023 መጀመሪያ ላይ በ3 ሰከንድ ቅጂ ብቻ የሰውን ድምፅ አስመስሎ የሚናገር ሰው ሠራሽ አስተውሎት ይፋ አድርገዋል። ንግግራቸው ለሰዓታት በዩቲዩብ የሚገኝ ሰባኪዎችና ሐኪሞች ደግሞ ለዚህ በጣም የተጋለጡ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ አውስትራሊያ የሚገኘው ቤከር የልብና የስኳር ሕመም ተቋም፣ የባለሙያውን የፕሮፌሰር ጆናታን ሾውን መልክና ድምፅ አስመስሎ ሜትፎርሚንን የሚያጣጥልና ሌላ ምርት የሚሸጥ ሐሰተኛ ቪዲዮ መሰራጨቱን አስጠንቅቋል። ሜትፎርሚን እኛም አገር ብዙ የስኳር ሕሙማን የሚወስዱት ክኒን ነው።

እናቴን ያረጋጋት ግን ሌላ ነገር ነው። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጸበልና የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት አብረው መወሰድ እንደሚችሉ፣ ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታ እንደሆኑ በይፋ ተናግረዋል። ስለዚህ አንዱን ለመያዝ ሌላውን መጣል አያስፈልግም።

መድኃኒት ማቋረጥ የሚያስከትለው ጉዳት ወዲያው ላይታይ ይችላል። ግፊት ሕመም ሳያሰማ ከፍ ይላል፤ ኢንሱሊን ያቋረጠ ሰው ግን በቀናት ውስጥ ራሱን ሊስት ይችላል።

እናም በየቤታችን ሦስት ነገር እንስማማ። መድኃኒት አቁሙ ወይም ቀይሩ የሚል ድምፅ ሲደርሰን መጀመሪያ መድኃኒቱን ያዘዘውን ሐኪም ወይም የቀበሌያችንን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ እንጠይቅ። ምንጩን ሳናውቅ ለማንም አናስተላልፍ። ልጆችም ወላጆቻችሁን "ተታለላችሁ" ብላችሁ አታሳፍሩ፤ አብራችሁ አዳምጡና ንግግሩ በሰባኪው ወይም በሐኪሙ በራሱ ገጽ ላይ መኖሩን ፈልጉላቸው። የተሳለቁበት ሰው ሁለተኛ አይጠይቅም።