«ሒሳብማ ሱቅ ውስጥ ይማራል»

«መምህር፣ ይህ ልጅ ሒሳብ ከእኔም ከእርስዎም በላይ ያውቃል። እዚህ ተቀምጦ ምን ሊጨምርለት ነው? ሒሳብማ ሱቅ ውስጥ ይማራል።» አጎትየው ይህን ያሉኝ ልጁን ከሰባተኛ ክፍል ሊያስወጡ የመጡ ዕለት ነው። ክፉ ሰው አይደሉም። ልጁን ከገጠር አምጥተው ያለበሱት፣ ያበሉት፣ ደብተር የገዙለት እሳቸው ናቸው። ልጁም በማግሥቱ ሱቅ ገባ። ነገሩ እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ፣ ልጁ በዚያው ሰሞን መቶኛ ሊገባው ጫፍ ላይ ደርሶ ስለነበር ነው።

ልጁ ሱቅ ከመግባቱ በፊት፣ ከትምህርት በኋላ በአውቶቡስ ተራና በአንዋር መስጊድ መካከል ሱቅ በደረቴ ይዞ ካልሲ ይሸጥ ነበር። ፈተና ላይ 45 ሲባዛ በ12 ስንት እንደሆነ ጠይቄው ተሳስቷል። መንገድ ላይ አግኝቼ ሥራ እንዴት ነው ስለው ግን በአንድ ትንፋሽ ነገረኝ፦ «ደርዘኑን በ540 አመጣለሁ፣ አንዱን በ60 እሸጣለሁ። አሥሩ 600፣ ሁለቱ 120፤ 180 ትተርፈኛለች።» ወረቀት ላይ ያቃተውን በ12 ማባዛት 12ን ለአሥርና ለሁለት ከፍሎ ሠርቶታል። እኔ በዚያው ሳምንት ሰሌዳው ላይ ጽፌ ለክፍሉ ላስረዳ ስደክም የነበረውም ይኸው ሕግ ነው። እሱ ሕግ መሆኑን አያውቅም።

እንዲህ ያለ ልጅ ሲገጥመን በመምህራን ማረፊያ የምንለው አንድ ነው፦ «የንግድ ጭንቅላት ነው ያለው፣ ለትምህርት አይሆንም።» ቤተሰቡ ደግሞ «ያውቃል፣ ትምህርት አያስፈልገውም» ይላል። አንዱ የሚንቅ፣ ሌላው የሚያደንቅ ይመስላል እንጂ ሁለቱም ልጁን በአንድ በር ነው የሚያስወጡት። ለንግድ የተፈጠረ ጭንቅላትና ለትምህርት የተፈጠረ ጭንቅላት አለ ብለው ያምናሉ። ይህን መስማት ሰልችቶኛል። መርካቶ ውስጥ የሚያስተምር ሁሉ በየሴሚስተሩ ይሰማዋል።

ጥናቶች ግን ሌላ ይላሉ። በብራዚሏ ሬሲፌ ከተማ ተሬዚኛ ኑኔስ፣ ዴቪድ ካራኸርና አናሉሲያ ሽሊማን የተባሉ ተመራማሪዎች ገበያ ላይ የሚሸጡ አምስት ልጆችን እንደ ገዢ ቀርበው ጠየቋቸው፤ ጥናታቸው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1985 ታትሟል። ልጆቹ ገበያው ላይ 98 በመቶውን በትክክል መለሱ። ያንኑ ስሌት ወረቀት ላይ በባዶ ቁጥር ሲሰጧቸው ውጤቱ ወደ 37 በመቶ ወረደ። አንዱ ልጅ አሥር ኮኮናት በ35 ሒሳብ ስንት እንደሚመጣ ሲያሰላ ሦስት ሦስቱን እየደመረ 350 ደረሰ። ባለ ካልሲው ተማሪዬ እዚያ ቢወለድ ኖሮ እንዲሁ ነበር የሚያደርገው። በዚሁ አቆጣጠር በ2025 ደግሞ አቢጂት ባነርጂ፣ ኤስተር ዱፍሎና ባልደረቦቻቸው በኮልካታና በዴልሂ ገበያ የሚሠሩ 1,436 ልጆችን አጥንተው ተመሳሳይ ነገር አገኙ። እዚያ ላይ የጨመሩት ነገር ለእኛ ለመምህራን ይከብዳል፦ ገበያ የማይሠሩት፣ ትምህርት ቤት ብቻ የሚውሉት ልጆች በተራቸው የገበያውን ስሌት አልተወጡትም። የሱቁ ዕውቀት ሱቅ ውስጥ ይቀራል፣ የክፍሉም ክፍል ውስጥ። ሁለቱን የሚያገናኝ ሰው ያስፈልጋል፤ ያ ሰው መምህሩ ነው። ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ የሒሳብ መጽሐፋችን በእንግሊዝኛ መሆኑ ይህን ሥራ ይበልጥ ያከብደዋል።

«ሱቅ ውስጥ ይማራል» ለሚሉኝ የምሰጠው ጥያቄ አለ። ዋጋው ከነቫቱ 1,150 ብር የሆነ ብርድ ልብስ ያለ ቫት ስንት ነው? ቫት 15 በመቶ መሆኑን መርካቶ የማያውቅ የለም። ቀድሞ እጁን የሚያወጣው ብዙ ጊዜ ገበያ የሚሠራው ልጅ ነው። የ1,150ን 15 በመቶ ያወጣል፣ 172 ብር ከ50 ይቀንሳል፣ «977 ብር ከ50» ይላል። ትክክለኛው 1,000 ብር ነው። በአንድ ሺህ ብር የሚሸጥ ዕቃ ላይ ሃያ በመቶ ጨምሮ፣ ገበያ ሲቀዘቅዝ ከአዲሱ ዋጋ ሃያ በመቶ የቀነሰ ነጋዴም ወደ ቀድሞው ዋጋ የተመለሰ ይመስለዋል፤ የሸጠው ግን በ960 ነው። መደመርና መቀነስ እዚህ ላይ አያደርሱም። «ከምን ላይ ነው መቶኛው የተወሰደው?» ብሎ መጠየቅን ሱቁ አያስተምርም፤ ሱቁ ፈጣን መልስ ነው የሚፈልገው። በ2017 ዓ.ም. ኅዳር በደረሰኝ ጉዳይ የመርካቶ ሱቆች በተዘጉ ጊዜ፣ የተማሪዎቼ ቤተሰቦች ምን ያህል በሌላ ሰው የቫት ስሌት ላይ እንደተንጠለጠሉ በቅርብ አይቻለሁ።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ክርክር ይታወቃል። በልጅነታቸው ከጉራጌ አገር መጥተው፣ ጫማ ጠርገው፣ ሱቅ በደረቴ ይዘው፣ ኋላ ባለ ሕንፃ የሆኑት ሰዎች ይጠቀሳሉ። ታሪካቸው እውነት ነው፤ እኔም አከብራቸዋለሁ። ግን እነዚሁ ሰዎች ገንዘባቸውን ምን ላይ አዋሉት? በራስ አገዝ ማኅበሮቻቸው በኩል አዋጥተው በትውልድ ቀያቸው መንገድና ትምህርት ቤት ሠሩ። ያልተማሩት አማራጭ ስላጡ ነው፤ ልጅ ሳይማር ይደግ ብለው አያውቁም። የእነሱን ስም አንሥቶ ልጅን ከክፍል ማስወጣት እነሱንም መበደል ነው።

ሌላው የሚነሣው «ተምሮስ ማን አለፈ?» ነው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2017 ወደ 8.4 ከፍ ብሏል። ወላጅ ይህን ሰምቶ ቢደነግጥ አልፈርድበትም። ነገር ግን ይህ ቁጥር የሚነግረኝ ከታች ያሉ ክፍሎች ላይ ብዙ ሥራ እንደሚቀረን ነው፤ ልጁን ከዚያው ሥራ መሐል አንሥቶ መውሰድ ምኑን ያስተካክለዋል?

በመምህራን በዓል ላይ የመምህር ደስታ ሐኪምና ፓይለት የሆነ ተማሪው ነው ይባላል። እንዲህ ያለ ተማሪ መንገድ ላይ አቁሞ ሲያቅፈኝ ደስ ይለኛል። እኔን በየጠዋቱ ወደ ክፍል የሚያስገባኝ ደስታ ግን ከዚያ በጣም የቀረበ ነው። የብርድ ልብሱን ጥያቄ በሰጠሁበት ክፍል ሁሉም 977 ከ50 ላይ ተስማምቶ ሳለ፣ እናቷ በርበሬ በረንዳ የምትሠራ ልጅ ቆመች። «ቲቸር፣ ልክ አይደለም። 977 ከ50 ላይ 15 በመቶ ጨምሩበት። 1,150 አይመጣም።» ጨመርን፤ 1,124 ብር ከ12 ሳንቲም ገደማ ሆነ። ክፍሉ ተንጫጫ። ማንም ሳይነግራት፣ መልስን ወደ ኋላ ሄዶ መፈተን እንደሚቻል ደረሰችበት። ገበያ ላይ ሚዛን የሚያጠራጥራት ልጅ የክፍሉን መልስም ተጠራጠረች፤ ሁለቱ ዕውቀቶች ዓይኔ እያየ ተገናኙ። ለዚህ ደስታ ሃያ ዓመት መጠበቅ አያስፈልግም። ያ ባለ ካልሲው ልጅም ጥቂት ሳምንታት ቢቆይ ከዚህ ይደርስ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ስለዚህ በየወላጆች ቀን እንግዳ ጋብዛችሁ «ሳልማር እንዴት ሀብታም ሆንኩ» የሚል ታሪክ ለምታስነግሩ የሥራ ባልደረቦቼ አንድ ልመና አለኝ። በሚቀጥለው ጊዜ የዚያኑ ሀብታም የሒሳብ ሠራተኛ ጥሩልን። ጠመኔ ይዞ ሰሌዳው ፊት ይቁም፤ የወሩን ቫት እንዴት እንደሚያሰላ አንድ በአንድ ያሳያቸው፤ ልጆቹም ይጠይቁት።