የሰዋስው መጽሐፍ ከመግዛታችሁ በፊት፦ ተረትና እውነታ

በልደታ ኮንዶሚኒየም ደረጃዎች ላይ «ቤት ለቤት እናስጠናለን» የሚል ወረቀት ተለጥፎ ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። ወረቀቱ ላይ ወዳለው ስልክ የሚደውሉ ቤተሰቦች ችግራቸው የተለያየ ነው። የአንዱ ልጅ የ12ኛ ክፍል ውጤት ሳይመጣለት ቀርቶ በግል ተፈታኝነት ለመድገም ቤት ተቀምጧል። የሌላዋ ልጅ በሕመም ምክንያት ትምህርት ቤት መሄድ አቁማለች። ከውጭ አገር የተመለሱ አሉ፤ ልጃቸውን በኢንተርኔት የውጭ ትምህርት አስመዝግበው ከቤት የሚያስተምሩ ወላጆችም፣ ጥቂት ቢሆኑም፣ አይጠፉም። የሁሉም ጭቅጭቅ ግን ሰዋስው ላይ ይገናኛል። ሒሳቡን እያጉረመረመም ቢሆን የሚሠራ የ16 ዓመት ልጅ የግራመር ደብተር ሲወጣ ፊቱ ይጠቁራል።

የወላጅ ስጋት በቂ ምክንያት አለው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2016 ዓ.ም. ቁጥሩ 5.4 በመቶ ደረሰ። እንግሊዝኛን የተፈጥሮ ሳይንሱም የማኅበራዊ ሳይንሱም ተማሪ ይፈተነዋል፤ ፊዚክሱም ታሪኩም የሚጠየቀው በእንግሊዝኛ ነው። ይህን የሚያውቅ ወላጅ ተደናግጦ ከመደርደሪያው ትልቁን መጽሐፍ ያነሳል። ምርጫውን የሚመሩት ደግሞ ከጎረቤት ጎረቤት ሲተላለፉ የኖሩ እምነቶች ናቸው፤ ብዙዎቹ ስህተት ናቸው።

ተረት፦ «የአሜሪካ ልጆች የሚማሩበት ካሪኩለም ይበልጣል»

ለአሜሪካ ልጆች ይበልጥ ይሆናል። አሜሪካ ውስጥ ለቤት ውስጥ ትምህርት የሚዘጋጁት የሰዋስው ካሪኩለሞች የተጻፉት እንግሊዝኛን ከእናቱ አፍ እየሰማ ላደገ ልጅ ነው። ያ ልጅ «ዘ» የት እንደሚገባ፣ «ኧ» የት እንደሚቀር ማንም ሳይነግረው ያውቃል፤ ስለዚህ መጽሐፉ ይህን ለማስተማር አይደክምም። የሚደክመው ድምፃቸው አንድ ሆኖ ፊደላቸው የሚለያይ ቃላትን በማስለየት፣ ሥርዓተ ነጥብ በማስተካከልና ዓረፍተ ነገርን በመስመር እየከፋፈለ በማስሳል ነው። የመስመር ሥዕሉን ያስተዋወቁት አሎንዞ ሪድና ብሬይነርድ ኬሎግ የተባሉ አሜሪካውያን መምህራን ሲሆኑ፣ መጽሐፋቸው የወጣው እ.ኤ.አ. በ1877 ነው። ዘዴው እስከ ዛሬ በብዙ የቤት ውስጥ ትምህርት መጻሕፍት አለ።

አማርኛ ተናግሮ ያደገ ልጅ የሚሰናከለው ሌላ ቦታ ነው። «ትናንት ፊልሙን አይቼዋለሁ» ማለት በአማርኛ ምንም አይጎረብጥም። እንግሊዝኛ ግን «የስተርደይ» ከተባለ «ሃቭ ሲን» የሚለውን አይቀበልም፤ «ሶው» ማለት ግድ ነው። እኛ «የመጣው ልጅ» ብለን ገላጩን እናስቀድማለን፤ እንግሊዝኛ ልጁን አስቀድሞ «ዘ ቦይ ሁ ኬም» ይላል። ግሥ እኛ ዘንድ ዓረፍተ ነገሩን ይዘጋል፣ እነሱ ዘንድ መሐል ይገባል። ለአሜሪካዊ ልጅ የተጻፈ መጽሐፍ እነዚህን ችግሮች እንደ ችግር አያውቃቸውም። ልጁ ሳምንቱን ሙሉ መስመር ሲስል ሰንብቶ በፈተናው የሚጥለውን ነገር ሳይነካ ይቀራል፤ ይህ ደግሞ ለእሱም ይታወቀዋል።

ስለዚህ የሚፈለገው እንግሊዝኛን እንደ ውጭ ቋንቋ ለሚማር ሰው የተዘጋጀ መጽሐፍ ነው። በከተማችን በብዛት የሚገኘው የሬይመንድ መርፊ «ኢንግሊሽ ግራመር ኢን ዩዝ» ከዚህ ወገን ነው። መጀመሪያ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1985 ሲሆን ሰማያዊው ለመካከለኛ ደረጃ፣ ቀዩ ለጀማሪ ነው። ብዙ ወላጅ ቀዩን ለ10ኛ ክፍል ልጁ መግዛት እንደ ውርደት ያየዋል። መሠረቱ ለላላ ልጅ ግን ትክክለኛው ቀዩ ነው። ለብሔራዊ ፈተና የሚዘጋጅ ደግሞ የትምህርት ሚኒስቴርን መማሪያ መጽሐፍ ሊተው አይገባውም፤ የሚፈተነው በዚያ ሥርዓተ ትምህርት ነውና።

ከውጭ ለተመለሰ ልጅ ነገሩ ይገለበጣል። እሱ ዘንድ እንደ ውጭ ቋንቋ መሰጠት ያለበት አማርኛው ነው።

ተረት፦ «ከገጽ 1 ጀምሮ እስከ መጨረሻው ካልተሠራ ትምህርት አይባልም»

የመርፊ ሰማያዊ መጽሐፍ በቅርብ እትሞቹ 145 ክፍሎች አሉት። ደራሲው ራሱ በመግቢያው ክፍሎቹ ከቀላል ወደ ከባድ እንዳልተደረደሩና ተማሪው የሚቸግረውን መርጦ እንዲሠራ ይናገራል። ከመጽሐፉ መጨረሻ ላይ ልጁ የትኞቹ ክፍሎች እንደሚያስፈልጉት የሚለይበት መመዘኛ ጥያቄ አለ። ከእሱ ጀምሩ። እምቢተኛ ልጅ 145 ምዕራፍ ሲቆለልበትና የራሱ የሆኑ 30 ምዕራፎች ሲሰጡት የሚያሳየው ፊት አንድ አይደለም።

ተረት፦ «ሰዋስው ጠንቅቆ ያወቀ ድርሰት መጻፍ አያቅተውም»

ከሁሉም እምነቶች ሥር የሰደደው ይህ ነው፣ ከሁሉም በላይ በጥናት የተፈተነውም ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 ሪቻርድ ብራዶክና ሁለት ባልደረቦቹ እስከዚያ የተደረጉትን ምርምሮች ገምግመው፣ ሰዋስውን ነጥሎ ማስተማር የድርሰት ችሎታን እንደማያሻሽል፣ የመጻፊያ ጊዜ እየወሰደም ሊጎዳ እንደሚችል ጻፉ። እ.ኤ.አ. በ2007 ስቲቭ ግራሃምና ዶሎሬስ ፔሪን ከ4ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ባሉ ተማሪዎች ላይ የተሠሩ ጥናቶችን አንድ ላይ ሲመዝኑም ነጠላ የሰዋስው ትምህርት ውጤቱ ከዜሮ በታች ሆኖ ተገኘ። በዚያው ምዘና ውስጥ ግልጽ ጥቅም ካሳዩት ዘዴዎች አንዱ አጫጭር ዓረፍተ ነገሮችን ማጣመር ነበር።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። እነዚህ ጥናቶች በአብዛኛው የሚመለከቱት በገዛ ቋንቋቸው የሚጽፉ ልጆችን ነው። ሁለተኛ ቋንቋ ለሚማር ሰው ደንቡን በግልጽ መንገር እንደሚጠቅም ጆን ኖሪስና ሉርደስ ኦርቴጋ እ.ኤ.አ. በ2000 ባሳተሙት ሰፊ ግምገማ አሳይተዋል። ስለዚህ «ሰዋስው ይቅር» የሚለው አዲስ ፋሽንም ልክ አይደለም። ደንቡ ይነገር፤ ነገር ግን በዚያው ቀን ልጁ በሚጽፈው ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሥራ ላይ ይዋል።

ማጣመር ምን እንደሚመስል በአማርኛ እንየው። «ልጁ መጣ። ልጁ መጽሐፍ ይዟል። መጽሐፉ የእኔ ነው።» ለልጃችሁ እነዚህን ሦስቱን ስጡና አንድ አድርጋቸው በሉት። «የእኔን መጽሐፍ የያዘው ልጅ መጣ» ሊል ይችላል፤ «ልጁ መጽሐፌን ይዞ መጣ» ሊልም ይችላል። ሁለቱም ትክክል ናቸው፣ ግን አንድ ነገር አይናገሩም። የመጀመሪያው ከብዙ ልጆች መሐል የትኛው እንደሆነ ይለያል፤ ሁለተኛው እንዴት ሆኖ እንደመጣ ይነግራል። አሁን «የትኛው ይሻላል?» ብላችሁ ጠይቁት። ስለ አንጻራዊ ሐረግ፣ ማለትም እንደ «የእኔን መጽሐፍ የያዘው» ስላለው ገላጭ፣ አንድም ትርጓሜ ሳይሸመድድ ስለ አንጻራዊ ሐረግ ይከራከራል፤ ክርክር ደግሞ የዚህ ዕድሜ ልጆች የማይሰለቹት ነገር ነው። በማግስቱ ያንኑ በእንግሊዝኛ ይሥራው።

ጽሑፉ አንባቢ ይኑረው። የኮንዶሚኒየሙ ማኅበር ስለ ውሃ ፈረቃ ወይም ስለ ደረጃ ጽዳት የሚለጥፈውን ማስታወቂያ ልጁ ያርቅቀው። «ቧንቧውን አጥፋ»፣ «አጥፉ»፣ «ያጥፉ» ከሚሉት የቱን ይጻፍ? አራተኛ ፎቅ ያሉት እማማም፣ እኩዮቹም፣ ከታች ያለው ባለ ሱቅም የሚያነቡት ወረቀት ነው። ያን ዕለት ስለ መደብ፣ ስለ ቁጥርና ስለ አክብሮት የሚማረው በሠንጠረዥ ሲሸመድድ ከሚያገኘው ይበልጣል።

ተረት፦ «አማርኛ አፉን የፈታበት ነው፤ ሰዋስው አያስፈልገውም»

ይህ እምነት ልጁን ከሁሉ የሚቀርበውን መሣሪያ ይነጥቀዋል። «መጽሐፍ አነበበ» እና «መጽሐፉን አነበበ» የሚሉትን ማንም አዲስ አበባ ያደገ ልጅ አያምታታም። ሁለተኛው የሚያወራው ስለ ታወቀ፣ ቀድሞ ስለ ተነሳ መጽሐፍ ነው፤ ይህን የነገረን «ፉ» እና «ን» ነው። የእንግሊዝኛው «ዘ» እና «ኧ» የሚለያዩት ከዚህ ጋር በእጅጉ በሚቀራረብ ሐሳብ ነው። ልጁ «ይህን እኮ አውቀዋለሁ» የሚልበት ሰዓት ያ ነው። አላውቅም ብሎ እጁን የሰጠ ተማሪ መጀመሪያ የሚያስፈልገው፣ የሚያውቀውን ማግኘት ነው። የቤቱ ቋንቋ ኦሮምኛ ወይም ትግርኛ ከሆነም ከዚያ ይጀመር።

በብዙ ቤት አንድ ሌላ ጠብ አለ። አባት የቃል ክፍሎች ስምንት ናቸው ብለው ይሟገታሉ፤ የልጁ መጽሐፍ አምስት ይላል። አባትም ልጅም አልተሳሳቱም። በቀድሞው የትምህርት ቤት ሰዋስው ስም፣ ተውላጠ ስም፣ ቅጽል፣ ግሥ፣ ተውሳከ ግሥ፣ መስተዋድድ፣ መስተጻምርና ቃለ አጋኖ ተብለው ስምንት ነበሩ። ፕሮፌሰር ባዬ ይማም በ1987 ዓ.ም. ባሳተሙት «የአማርኛ ሰዋስው» ግን ስም፣ ግሥ፣ ቅጽል፣ ተውሳከ ግሥና መስተዋድድ ብለው አምስት አድርገዋቸዋል። የሚለያዩት በአመዳደብ መስፈርት ነው። ልጁ በሚፈተንበት መጽሐፍ ተስማሙ፤ ልዩነቱን ግን አትደብቁት። ሰዋስው ሰዎች መርምረው የሚከራከሩበት ዕውቀት እንደሆነ ማወቁ ለጎረምሳ ትልቅ ነገር ነው።

ተረት፦ «ወላጅ እንግሊዝኛ ካልቻለ ቤት ውስጥ ማስተማር አይቻልም»

መልስ ያለው መጽሐፍ ከተገዛ ይቻላል። መርፊ መልስ ያለውም የሌለውም እትም ስላለው ከመክፈላችሁ በፊት የመጨረሻዎቹን ገጾች ገልጣችሁ አረጋግጡ። ኮፒ ተደርገው የሚሸጡት ላይ ገጽ እንዳይጎድልም እዩ። የእናት ሥራ ሰዓቱን ማስከበር፣ ልጁ መልሱን ራሱ እንዲያርም ማድረግና «ለምን ተሳሳትክ?» ብሎ ጠይቆ ልጁ ሲያስረዳ መስማት ነው። ለእናቱ በአማርኛ ማስረዳት የቻለ ልጅ ደንቡን ይዞታል። አስጠኚውም ለከበደው ብቻ ይጠራ።

ተረት፦ «ልጁ ሰነፍ ነው፤ ጫን ማለት ነው መድኃኒቱ»

ኤድዋርድ ዴሲና ሪቻርድ ራያን ለብዙ ዓሥርት ዓመታት ባካሄዱት ምርምር ሰው ከልቡ እንዲሠራ ከሚያደርጉት ነገሮች መካከል ዋናዎቹ ምርጫ ማግኘት፣ እችላለሁ ማለትና የሚቀርበው ሰው መኖር እንደሆኑ አስረድተዋል። አንድ ክፍል ተኩል በሆነች የኮንዶሚኒየም ቤት፣ ታናናሾቹ ቴሌቪዥን እያዩ፣ ሳሎን መሐል ለሁለት ሰዓት የሚታሰር ልጅ ሦስቱንም አያገኝም። 20 ደቂቃ ይበቃል፤ በየቀኑ ከሆነ፣ ልጁ በመረጠው ሰዓት ከሆነ። መማር ይቅር አይቅር የሚለው ለድርድር አይቀርብም፤ በየትኛው መጽሐፍ፣ በየትኛው ሰዓት፣ ስለ ምን ጉዳይ እየጻፈ የሚለው ግን የእሱ ይሁን። ስለ እግር ኳስም ቢሆን።

እንግዲህ ወላጆች፣ መጽሐፍ ልትገዙ ስትወጡ ልጁን ይዛችሁ ሂዱ። ሁለት መጽሐፍ ምረጡና ከእያንዳንዱ አንዳንድ ገጽ እዚያው ቆሞ ያንብብ፤ ማብራሪያውን ያለ እናንተ እርዳታ የተረዳውን ግዙለት፣ ቀጭኑም ቢሆን።