ከትምባሆ ቅጠል የተሠራ መድኃኒት ትቀበላላችሁ?

ሐኪም ያዘዘላችሁ መድኃኒት ዘረ መሉ ከተለወጠ የትምባሆ ዘር የተሠራ ነው ብትባሉ ምን ትላላችሁ? በለገጣፎም ሆነ በቡራዩ፣ በአንድ ቤት ባል “እንቀበል” ሲል ሚስት “በፍጹም” ልትል ትችላለች። በታማሚ አልጋ አጠገብ ከመከራከር አስቀድሞ ነገሩን ማወቅ ይሻላል።

ነገሩ ምንድን ነው?

እግዚአብሔር በሰውነታችን ውስጥ ዘብ አቁሟል። ስሙ አንቲቦዲ ይባላል፤ የገባውን ጀርም ለይቶ ይይዛል። እናት ለጨቅላዋ በምታጠባው እንገር ውስጥ በብዛት ይገኛል። አንዳንድ በሽታ ግን ሰውነት ዘቡን እስኪያዘጋጅ ድረስ ፋታ አይሰጥም። ስለዚህ ተመራማሪዎች አንቲቦዲን ከውጭ አዘጋጅተው መስጠት ጀመሩ።

አንዱ መንገድ የአውስትራሊያ ተወላጅ የሆነ የትምባሆ ዘመድ ተክል ነው። አንቲቦዲውን የሚያሠራውን ዘረ መል በአፈር ባክቴሪያ አሸክመው ወደ ቅጠሉ ያስገባሉ። ተክሉ የሚያድገው በሰበታና በሱሉልታ ለአበባ እርሻ ተሠርቶ እንደምታዩት ባለ ግሪን ሃውስ ውስጥ ነው። ከሳምንት ገደማ በኋላ ቅጠሉ ታጭዶ ይጨመቃል፤ ለታማሚው የሚሰጠው ተጣርቶ የወጣው አንቲቦዲ ነው። ከማጨስ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም።

ሁለቱ አገልጋዮች

በሐምሌ 2006 ዓ.ም. በላይቤሪያ ዋና ከተማ በሞንሮቪያ፣ በኤልዋ ሆስፒታል ያገለግሉ የነበሩት ዶ/ር ኬንት ብራንትሊና ወ/ሮ ናንሲ ራይትቦል በኢቦላ ተያዙ። ወ/ሮ ናንሲን የላካቸው ኤስ.አይ.ኤም. ነበር፤ በአገራችን የቃለ ሕይወት ቤተ ክርስቲያን ከአገልግሎቱ የተነሣችበት ሚሲዮን ማለት ነው። ሁለቱም ዚማፕ የተባለውን፣ በአሜሪካ ኬንታኪ በዚህ ተክል የተመረተውን መድኃኒት ወሰዱ። ከዚያ በፊት በሰው ላይ ተሞክሮ አያውቅም ነበር። በነሐሴ ድነው ከሆስፒታል ወጡ። ዶ/ር ብራንትሊ ለእግዚአብሔር ክብር ሲሰጡ የሐኪሞቹንና የመድኃኒቱን ድርሻም አልደበቁም።

ታዲያ ያዳናቸው ዚማፕ ነው? በሁለት ሰዎች ብቻ እንዲህ ማለት አይቻልም። ያንኑ መድኃኒት የወሰዱ አንድ እስፔናዊ ካህን በዚያው ወር አርፈዋል። በኋላ በኮንጎ፣ እስከ ነሐሴ 2011 ዓ.ም. በተደረገው ጥናት፣ ዚማፕ ከተሰጣቸው 100 ሰዎች ወደ 50 የሚጠጉት ሞቱ። በእንስሳት ሕዋስ የተመረቱ ሁለት ሌሎች የአንቲቦዲ መድኃኒቶች በተሰጧቸው ግን ቁጥሩ ወደ 35 ወረደ። በአሜሪካ በ2013 ዓ.ም. የተፈቀዱትም እነዚህ ሁለቱ ናቸው። ቅጠሉ መንገድ ከፈተ እንጂ ተአምር አልሆነም።

እምነታችንስ?

የንጉሡን የሕዝቅያስን ታሪክ ታስታውሳላችሁ። 2ኛ ነገሥት ምዕራፍ 20ን አንብቡ፤ ንጉሡ በእንባ ጸለየ፣ እግዚአብሔርም ሰማው፤ ነቢዩ ግን የበለስ ጥፍጥፍ በቁስሉ ላይ እንዲደረግ አዘዘ። ጸሎቱና ቅጠላ ቅጠሉ አልተጣሉም።

ይህ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። የኢቦላ ዘመድ የሆነው ማርበርግ በኅዳር 2018 ዓ.ም. በጂንካ ተከሥቶ ነበር።

ስለዚህ ባለትዳሮች ሆይ፣ ዛሬ ማታ ልጆቹ ሲተኙ ተነጋገሩ። መድኃኒት ሲታዘዝላችሁ “ከምን ተሠራ?” ብቻ ሳይሆን “ተፈትኗል ወይ? ስንቱን ረዳ? ጉዳቱስ?” ብላችሁ ሐኪሙን ጠይቁ። ተጸልዮልኛል ብላችሁ የጀመራችሁትን መድኃኒት ሐኪም ሳያውቅ አታቋርጡ። መድኃኒት ስለያዛችሁም ጸሎታችሁን አትተዉ። ጌታ ቤታችሁን በጤና ይጠብቅ።